ለከረጢቱ አንድ ጓንት፣ ለባልንጀራ ጭንቅላት ሌላ

በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ በማጅስትሬት ፍርድ ቤቱና ማንዴላ ከኦሊቨር ታምቦ ጋር በጥብቅና ይሠሩበት በነበረው ቻንስለር ሐውስ መካከል፣ ከብረት የተሠራ አንድ ቦክሰኛ ጓንቱን አንሥቶ ቆሟል። ቀራጺው ማርኮ ቻንፋኔሊ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቆመው ይህ ሥራ ወጣቱን ኔልሰን ማንዴላን ያሳያል፤ መነሻውም ፎቶግራፍ አንሺው ቦብ ጎሳኒ በ1950ዎቹ በአንድ ሕንፃ ጣራ ላይ ያነሣው ምስል ነው። ሐውልቱን የሚጎበኝ ሰው ፊቱን፣ አቋሙን፣ የእግሩን አጣጣል ይመለከታል። ጓንቱን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው።

ማንዴላ ራሳቸው ስለዚያ ዘመን የጻፉት ነገር ለጓንቱ ጉዳይ ከሐውልቱ ይበልጥ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው፣ በሶዌቶ ኦርላንዶ በሚገኘው የዶናልድሰን የማኅበረሰብ ማዕከል ይለማመዱበት የነበረው ክለብ ምን ያህል ድኻ እንደነበር ይተርካሉ። የግጥሚያ መድረክ አልነበረውም፤ ልምምዱ በሲሚንቶ ወለል ላይ ነበር። የሚመታው ከረጢት አንድ ብቻ ሲሆን ጓንቱም ጥቂት ጥንድ ነበር። የጥርስ መከላከያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የራስ መከላከያ ያለውም ከስንት አንድ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ እኚሁ ሰው ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ኮልፌ መምጣታቸውን የኢትዮጵያ አንባቢ ያውቀዋል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው የቆጠራው ነገር ነው። አንድ ከረጢትና ጥቂት ጓንት ባለበት ቤት፣ ማምሻውን ከረጢት ሲደበድብ የቆየው ጓንት ጥቂት ቆይቶ የባልንጀራን መንጋጋ መምታቱ አይቀርም።

ሰባ ዓመት አልፎ ይህ ቆጠራ ብዙ አልተለወጠም። በዚያችው ከተማ፣ በሂልብሮ ሠፈር፣ አሠልጣኙ ጆርጅ ኮሲ አሮጌ የነዳጅ ማደያን ወደ ቦክስ ክለብነት ለውጦ የጎዳና ልጆችንና ስደተኞችን ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ሥራውም በዓለም ዙሪያ ተዘግቧል። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በናይሮቢም ቢሆን ገንዘብ የሌለው ክለብ መልኩ አንድ ነው፤ ወኔው ሞልቶ ይፈስሳል፣ ዕቃው ግን በጋራ ነው። ሀብታም በሚባለው አገር ያለው ጀማሪም ከዚህ ችግር አያመልጥም። ወደ ሱቅ ሲሄድ ሻጩ «ለሁሉም የሚሆን» አንድ ጥንድ ጓንት ያነሣለታል፤ እርሱም በአንዱ ጥንድ ከረጢቱንም ሰውንም ይመታል። ይህ ምክር የተለመደ ነው። የተለመደ መሆኑ ግን ትክክል አያደርገውም፤ ስሕተቱም የስሜት ሳይሆን የምሕንድስና ነው።

ጓንት ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ቡጢ ምን እንደሆነ መነሻ ማድረግ ይገባል። ቡጢ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ቁስ ነው፤ የሆነ ቦታ መቆም አለበት። የሚቆመው በምን ያህል ርቀት ውስጥ ነው የሚለው ጥያቄ ሁሉን ይወስናል። በሴኮንድ 8 ሜትር የሚጓዝ እጅ 2 ሴንቲ ሜትር ተጉዞ ቢቆም፣ የፍጥነቱ መቀነስ በአማካይ በሴኮንድ ስኩዌር 1,600 ሜትር ይሆናል፤ ይህም የምድር ስበት ከሚሰጠው 160 እጥፍ ያህል ነው። ያው እጅ 4 ሴንቲ ሜትር ተጉዞ ቢቆም ግን ቁጥሩ ወደ 800 ይወርዳል። ኃይሉም በዚያው ልክ በግማሽ ይቀንሳል። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ እውነተኛ ቡጢ እንዲህ በቀጥታ መስመር አይቆምም። ቁም ነገሩ ግን አይለወጥም፤ ጓንት ሌላ አስማት የለውም፣ ሥራው ርቀትና ጊዜ መግዛት ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ የአጥንትን ዕጣ ይለውጣል።

ይህ ኃይል ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የከባድ ሚዛኑን እንግሊዛዊ ቦክሰኛ ፍራንክ ብሩኖን ቡጢ ለክቶ ነበር። ጡጫው ዒላማው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 8.9 ሜትር ነበር፤ ኃይሉም ዒላማውን ከነካ በ14 ሚሊሴኮንድ ውስጥ 4,096 ኒውተን ደርሷል፤ ይህም የ400 ኪሎ ዕቃ ክብደት ያህል መሆኑ ነው። አጥኚዎቹ በሰጡት ምሳሌ፣ 6 ኪሎ የሚመዝንና በስፖንጅ የተሸፈነ የእንጨት መዶሻ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ተወንጭፎ ቢመታ የሚያደርሰውን ያህል ነው። የጀማሪ ቡጢ ከዚህ እጅግ ያነሰ መሆኑ ግልጽ ነው። ጀማሪው ግን እጁም እንደ ብሩኖ እጅ አልጠነከረም፤ የሚመታውም ሰው አንገት እንደ ባለሙያ አንገት አልደነደነም።

አሁን ከረጢቱንና ሰውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። 40 ኪሎ የሚመዝን ከረጢት ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የተላከው ኃይል ወደ ላኪው ይመለሳል። እዚህ ተጎጂው እጅ ነው፤ የመሐል እጅ አጥንቶች፣ አንጓዎችና የእጅ ጅማት። ሐኪሞች ከትንሿ ጣት በታች ያለው አጥንት አንገቱ ላይ ሲሰበር «የቦክሰኛ ስብራት» የሚሉት ያለምክንያት አይደለም። የሰው ጭንቅላት ግን 5 ኪሎ ያህል ቢመዝን ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳይሆን በአንገት ላይ ተቀምጦ ነው፤ ሲመታ ይወረወራል፣ ይዞራልም። እዚህ ተጎጂው በውስጡ ያለው አንጎል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ልምምዶች በስም ቡጢ ይሁኑ እንጂ ጓንቱን የሚጠይቁት ጥያቄ ተቃራኒ ነው። ከረጢቱ «የባለቤቱን እጅ ጠብቅ» ይላል፤ ባልንጀራው ደግሞ «የእኔን ጭንቅላት ጠብቅ» ይላል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ጠንከር ያለና ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ነው። በሺሕ የሚቆጠር ምት በየሳምንቱ ስለሚያርፍበት፣ ለስላሳው ቶሎ ተጨፍልቆ አጥንቱ ከረጢቱን መንካት ይጀምራል። ለሁለተኛው መልሱ ሰፋ ያለ፣ ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ ነው፤ ምቱን በሰፊ ቦታ የሚበትን፣ ቀስ ብሎ የሚሰምጥ። ጠንካራውን ለባልንጀራ ማምጣት ግፍ ነው። ለስላሳውን በከረጢት ላይ መጨረስ ደግሞ ብክነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ ጉዳቱ ግን ከብክነት ያልፋል።

ለምን ያልፋል ቢባል የስፖንጅ ፍራሽ ያለው ሰው ሁሉ መልሱን በቤቱ ያገኘዋል። አዲስ ፍራሽ ሲተኙበት ይሰምጣል፣ ሲነሡ ተመልሶ ይሞላል። ከዓመታት በኋላ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ሰው ባይተኛበትም ጉድጓዱ አይሞላም። ስፖንጅ ጥቃቅን የአየር ክፍሎች ያሉት ቁስ ነው። ተደጋግሞ ሲጨፈለቅ ግድግዳዎቹ ይታጠፋሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ አየሩም ይወጣል፤ ቁሱ ውፍረቱን ለዘለቄታው ያጣል። በጓንት ውስጥ ይህ የሚሆነው ከሁሉ በፊት በአንጓዎቹ ላይ ነው፤ ማለትም ባልንጀራውን በሚነካው በዚያው ቦታ። ከላይ ያለው ቆዳ ግን ያው ቆዳ ነው፤ ያበራል፣ ስሙም ታትሞበታል፣ ክብደቱም አልቀነሰም። የመኪና ፍሬን ሸራ ሲያልቅ ይጮኻል፤ ስፖንጅ ሲያልቅ ዝም ይላል።

የዚህን ዝምታ ዋጋ የቦክስ ታሪክ አንድ ጊዜ በአደባባይ አይቶታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1983 በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈው የ21 ዓመቱ ቢሊ ኮሊንስ ከሉዊስ ሬስቶ ጋር ገጠመ። ሬስቶ ጠንካራ መቺ ተብሎ የሚታወቅ አልነበረም፤ የኮሊንስ ፊት ግን በአሥሩ ዙር ውስጥ አብጦ ዓይኖቹ ተከደኑ። ግጥሚያው ሲያበቃ የኮሊንስ አባትና አሠልጣኝ የሬስቶን እጅ ለሰላምታ ሲጨብጡ ጓንቱ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ነገር እንደሌለ በጣታቸው ዐወቁ። በምርመራው ከጓንቱ አንድ አውንስ ያህል ስፖንጅ ወጥቶ መገኘቱ ተረጋገጠ። የግጥሚያው ውጤት ተሰረዘ፤ ሬስቶና አሠልጣኙ ፓናማ ሉዊስ በእስራት ተቀጡ። የኮሊንስ ዓይን ግን አልዳነም፤ ዳግመኛም መድረክ ላይ አልወጣም፤ በቀጣዩ ዓመት በመኪና አደጋ ሞተ።

ዓለም ይህን ወንጀል ብሎ አወገዘ፤ ትክክልም አደረገ። ይሁንና አንድ ጥንድ ጓንት ለሁለት ዓመት ከረጢት ላይ ሲደበደብ ከአንጓው ላይ የሚጠፋው የመከላከል ዐቅም ከዚያ አንድ አውንስ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። ልዩነቱ ማንም ሰው ተንኮል ሳያስብ፣ ማንም ሳይከሰስ መሆኑ ነው። ፊዚክስ ደግሞ ስለ አሳብ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ስለ አውንስ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ጓንት የሚሸጠው በዚህ መለኪያ ስለሆነ። አንድ አውንስ 28.35 ግራም ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን መጠን ሳያውቅ ያውቀዋል፤ ወርቅና ዝባድ ይመዘንበት የነበረው ወቄት በማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ስለተወሰነ 28 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ባለ 16 አውንሱ ጓንት ባለ 16 ወቄት ነው ቢባል ብዙም አያስቀይምም፤ እያንዳንዱ እጅ 454 ግራም ያህል ይሸከማል። ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ክብደት ብቻ መሆኑ ነው። ስለ ስፖንጁ ዓይነት፣ ስለ ውፍረቱ፣ ወይም ምትን ስለ መቀበል ዐቅሙ አንዳች አይናገርም። ወፍራም ቆዳና ብዙ ገበር ያለው ጓንት በአንጓው ላይ ትንሽ ስፖንጅ ይዞ 16 ሊመዝን ይችላል። ሁለት ጓንቶች አንድ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ አንዱ ትራስ ሌላው ጡብ ሊሆኑ ይችላሉ። ጫማ በቁጥሩ ይገዛል፤ ጓንት በቁጥሩ ብቻ ከተገዛ ግን ገዢው የሚያውቀው ነገር ስንት ግራም እንደተሸከመ ብቻ ነው።

አምራቾቹም የተለያየ መንገድ ይከተላሉ። የሜክሲኮው ክሌቶ ሬየስ በፈረስ ጭራ በሚሞላ ጓንቱ ይታወቃል፤ ይህ አሞላል ለመቺው ጥሩ ስሜት ይሰጣል፣ ከስፖንጅ ግን ቶሎ ይሳሳል፤ ስለዚህ ስሙ ከግጥሚያ ጋር ይያያዛል። የጃፓኑ ዊኒንግ በተቃራኒው ለእጅም ለባልንጀራም በሚራራ ስፖንጁ ስመ ጥር ነው፤ ዋጋው ግን ለብዙ ክለብ የማይታሰብ ነው። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ገበያው ሰፊ ነው፤ ርካሹ ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ውዱም ሁሉ ለሁሉ ሥራ አይሆንም።

ለከረጢት ሥራ የሚገዛ ጓንት እንደ ሰውየው ክብደት 10፣ 12 ወይም 14 አውንስ ቢሆን ይበቃዋል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚፈተሸው የእጅ አንጓ ድጋፉ ነው፤ ጓንቱ ተጠልቆ ሲታሰር እጅ ወደኋላ መታጠፍ የለበትም። አውራ ጣቱ ከአካሉ ጋር የተሰፋ መሆን አለበት፤ ይህ አውራ ጣትን ከወለምታ፣ የባልንጀራን ዓይን ደግሞ ከመወጋት ይጠብቃል። ከጓንቱ በፊት ግን እጅ በመጠቅለያ ጨርቅ መጠቅለል አለበት። 4 ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝመው ይህ ጨርቅ ከዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው፤ ምትን ለማለስለስ ሳይሆን ጥቃቅኖቹን አጥንቶች እንደ አንድ ነዶ አስሮ ለመያዝ ያገለግላል። ርካሽ ጓንት በጥሩ ጥቅልል ላይ፣ ውድ ጓንት በባዶ እጅ ላይ ከሚደረገው ይሻላል።

ከረጢቱም ራሱ ይጠየቅ። በጨርቅ ወይም በሰጋቱራ የተሞላ ከረጢት በጊዜ ብዛት ሙሌቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይኛው ክፍል ለስላሳ ሲሆን ታችኛው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ለመክበድ ብለው አሸዋ የሚጨምሩም አሉ። እንዲህ ያለውን ከረጢት በማንኛውም ጓንት መደብደብ ግድግዳ ከመደብደብ ብዙ አይለይም። በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ አውርዶ፣ ከፍቶ፣ ሙሌቱን ማናፈስ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለልምምድ ግጥሚያ፣ በክለቦች ቋንቋ ለስፓሪንግ፣ የተለመደው 16 አውንስ ነው፤ ቀላል ክብደት ላላቸው 14 ይፈቀዳል። በባለሙያ ግጥሚያ ላይ ቀላሎቹ በ8፣ ከባዶቹ በ10 አውንስ ነው የሚዋጉት፤ ስለዚህ የልምምዱ ጓንት ከግጥሚያው ጓንት እስከ እጥፍ ይከብዳል። ይህ ልዩነት በራሱ መልእክት አለው። ልምምድ የሚደረገው ለመማር ነው፤ ባልንጀራውም ነገ ተመልሶ እንዲመጣ ይፈለጋል። የመዝጊያውም ዓይነት ሊታሰብበት ይገባል፦ በክር የሚታሰረው እጅን በደንብ ይይዛል፣ ግን የሚያስር ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ የሚለጠፈው ምቹ ነው፣ ጫፉ ከተላጠ ግን የባልንጀራን ፊትና ዓይን ይቧጭራል።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። ወፍራም ጓንት ጭንቅላትን ያድናል የሚለው እምነት ሰውን ያዘናጋል ይባላል። ታሪኩም ይህን ይደግፋል። እንግሊዛዊው ጃክ ብሮተን፣ እ.ኤ.አ. በ1743 የመጀመሪያውን የቦክስ ደንብ ያወጣው ሰው፣ ለተማሪዎቹ ጓንት ያጠለቀላቸው ባለጸጎቹ ልጆች በልምምድ ፊታቸው እንዳይበላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣው የኩዊንስቤሪ ደንብ ጓንትን በግጥሚያ ላይ ግዴታ ሲያደርግ ግን ሌላ ነገር አብሮ ገባ። በባዶ እጅ የሚማታ ሰው የራስ ቅልን በሙሉ ኃይል ከመታ እጁን ይሰብራል፤ ስለዚህ ይጠነቀቅ ነበር። ጓንት ያጠለቀው ግን ያ ፍርሃት የለበትም። የእጅ መከላከያ የራስ ማጥቂያ ሆነ።

ስፖንጅ የመቁረጥንና የመሰበርን አደጋ ይቀንሳል፤ የቀጥታውን ምት ጫፍ ያለዝባል። መንጋጋን ከጎን የሚመታ ቡጢ ጭንቅላትን ሲያዞር በአንጎል ውስጥ የሚፈጠረውን መጠማዘዝ ግን በዚያው ልክ አያስቀርም። በራስ መከላከያ ላይ የተከሰተውም ተመሳሳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በኦሊምፒክ ሲደረግ የቆየው የራስ መከላከያ በ2013 ከወንዶች ዓለም አቀፍ ውድድር እንዲቀር ተወስኖ፣ የ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ የወንዶች ግጥሚያ ያለእርሱ ተካሄደ። ውሳኔው አሁንም ያከራክራል። ሐኪሙ ሃሪሰን ማርትላንድ የቦክሰኞችን አንጎል ቀስ በቀስ የሚያደክመውን ሕመም የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተከማቸው እውቀት የሚያመለክተው አንድ ትልቅ ምት ብቻ ሳይሆን የብዙ ትናንሽ ምቶች ድምር እንደሚጎዳ ነው። የአብዛኛው ቦክሰኛ ድምር ደግሞ የሚከማቸው በልምምድ ቤት ነው፤ ግጥሚያ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፣ ልምምድ ግን በየሳምንቱ። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በደርባን ከተማ የተገጠመው የ24 ዓመቱ ሲሚሶ ቡቴሌዚ በድንገት ተጋጣሚውን ትቶ ባዶ አየር ሲመታ የሚያሳየውን ምስል ዓለም ተመልክቷል፤ ከሁለት ቀን በኋላ በአንጎሉ ደም ፈስሶ አረፈ። የአንጎል ጉዳት ከውጭ አይታይም፤ የሚያሳስበውም ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ግን «ጓንት አይጠቅምም» ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም። የሚያደርሰው ወደ ሌላ ነው፦ ለስላሳ ጓንት የቀስታ ልምምድ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። ባለ 16 አውንስ አጥልቆ በሙሉ ኃይል የሚማታ ሰው መከላከያውን ራሱ ሽሮታል። ለሕፃናት ደግሞ ጥያቄው ከጓንት በላይ ነው፤ የአሜሪካና የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የጋራ አቋም ቦክስን ለልጆች እንደሚቃወሙ ገልጸዋል። በቶሮንቶም ሆነ በዋሽንግተን ልጁን ክለብ የሚያስገባ ወላጅ፣ ልጁ ከረጢት ሲመታ ከሚያሳልፈው ጊዜ ይልቅ ራሱን ሲመታ የሚያሳልፈውን ጊዜ አሠልጣኙን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

እንግዲህ መፍትሔው ምን ይሁን? የተለመደው አስተሳሰብ ጓንትን የግል ዕቃ ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይመጣል። ለከረጢቱ ይህ ትክክል ነው። እጁን የሚጠብቀው የራሱ ጓንት ነውና ባለቤቱ ይግዛው፣ ባለቤቱ ይጨርሰው። የስፓሪንግ ጓንት ግን በባሕርይው የግል አይደለም። የሚጠብቀው ያጠለቀውን ሳይሆን ሌላውን ሰው ነው። ገዢውና ተጠቃሚው የተለያዩበት ዕቃ በገበያ ሕግ ሁልጊዜ ይበደላል፤ ማንም ሰው ለሌላ ሰው መንጋጋ ብሎ ውድ ስፖንጅ በየዓመቱ አይቀይርም። ስለዚህ የስፓሪንግ ጓንት የክለቡ ንብረት ይሁን፤ በቁልፍ ይቀመጥ፤ ለዓይን ጎላ ባለ አንድ ቀለም ይለይ፤ ከረጢት ፈጽሞ አይንካ። አራት ጥንድ ላለው ክለብ በአንድ ጊዜ ሁለት ግጥሚያ ይበቃዋል። ጀማሪ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው መምታት ስለማያስፈልገው፣ ያለችውን ገንዘብ በከረጢት ጓንትና በመጠቅለያ ጨርቅ ላይ ያውላታል፤ «ለሁሉም የሚሆን» የሚባለውን ዕቃ መግዛት አይኖርበትም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ኢትዮጵያዊም ደቡብ አፍሪካዊም መልስ አለው። በሶዌቶ ስቶክቬል የሚሉት ለኢትዮጵያዊው ዕቁብ ነው፤ ሠርግንና ቀብርን የሚሸፍን ማኅበር አራት ጥንድ ጓንት አይከብደውም። የጋራ ጓንት ቆሻሻ ያስተላልፋል የሚለውም ስጋት እውነት ነው፤ ላብ ባለበት የቆዳ በሽታ ይዛመታል። ይህ ግን በልማድ የሚፈታ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ንጹሕ መጠቅለያ ያድርግ፤ ጓንቱ ከልምምድ በኋላ ውስጡ ይጠረግ፣ አፉ ተከፍቶ ነፋስ ባለበት ጥላ ይሰቀል። የጆሃንስበርግ ክረምት ደረቅ ስለሆነ ይህን ያቀልላል። ቆርቆሮ ጣራ ላይ በፀሐይ ማስጣት ግን ቆዳውንም ስፖንጁንም ያደርቃል። አንድ ቀን ያረፈ ስፖንጅ የተወሰነ ውፍረቱን መልሶ ያገኛል፤ በዕረፍት የሚመለሰው ግን ሁሉም አይደለም።

ሕግ አውጪዎችም ድርሻ አላቸው። በደቡብ አፍሪካ የባለሙያ ቦክስን የሚያስተዳድረው ቦክሲንግ ሳውዝ አፍሪካ በ2001 ሕግ የተቋቋመ ነው። በዓለም ላይ እንደሚደረገው ሁሉ የደንብ ዓይን የሚያተኩረው ግጥሚያው ላይ ነው፤ በዚያ ቀን ጓንት ይመረመራል፣ ይፈረምበታል፣ ይታሸጋል። የ1867ቱ ደንብ እንኳ ጓንቱ አዲስና ጥራት ያለው እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ለአንድ ምሽት አዲስ፣ ለቀሪው ዓመት ማንም ያላየው አሮጌ መሆኑ ግን ከ1867 ጀምሮ ያልተጠየቀ ነገር ነው። ለክለቦች ፈቃድ የሚሰጥ ማንኛውም ፌዴሬሽን፣ የኢትዮጵያውም ጭምር፣ የስፓሪንግ ጓንት ተለይቶ መቀመጡን አንድ መስመር አድርጎ በመመዘኛው ላይ ቢጽፍ ወጪው ቀለም ብቻ ነው።

እስከዚያው ምርመራው በጣት ይደረጋል። ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች የሐኪም ቤቶች የነበሩ ሕንፃዎችን ወደ ገበያነት በለወጡበት በጄፒ ጎዳና፣ ብርድ ልብስ ሲገዛ ማንም ሰው ምልክቱን አንብቦ አይበቃውም፤ በሁለት ጣቱ ይይዘዋል፣ ያሽዋል፣ ይጨምቀዋል። ለጓንትም እንዲሁ ነው። አውራ ጣትን በአንጓው ስፖንጅ ላይ ጫን ማድረግ፤ ጠልቆ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደኅና ነው፤ ከውስጥ ያለው እጅ ጣቱን ከለየው ያ ጓንት ሰው ላይ አብቅቶለታል። ቀጥሎ መሐሉንና ዳሩን ማመዛዘን፤ ዳሩ ወፍራም፣ አንጓው ቀጭን ከሆነ ስፖንጁ ሸሽቷል። ሦስተኛው ፈተና ጓንቱን አጥልቆ የራስን ግንባር ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ መምታት ነው፤ ለራስ ያልተመቸ ለባልንጀራ አይመችም። ያለፈው ጓንት አይጣልም፤ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል፣ እዚያም ጥቂት ወራት ያገለግላል። ከከረጢት ወደ ሰው የሚመለስ ግን አይኖርም። ለዚህም ክለቡ ጓንቱን በገዛበት ቀን፣ በማይለቅ ቀለም፣ ቀኑንና ወሩን በእጅጌው ላይ ይጻፍበት።